ልጄ ማሌዥያ፣ እኔ ከበሩ ጀርባ

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። ያኔ የምኖረው ስቶክሆልም፣ ቀዩ ቱነልባና፣ የምድር ባቡሩ ማለቴ ነው፣ የሚያበቃበት ኖርስቦሪ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። የምረሳው ነገር ብዙ ነው፤ መነጽሬን እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ እፈልጋለሁ። ከገዛ ቤቴ በር ጀርባ የቆምኩባትን ያቺን ማለዳ ግን አልረሳትም። የማልረሳበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛውን ያን ዕለት አወቅሁት፤ ሁለተኛውን የሰማሁት በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ቤቴል። ካርቱም ወልጃት በሦስት ዓመቷ ስዊድን ገባን። ከአባቷ ጋር ከተለያየን በኋላ ቤቱ የእኔና የእሷ ብቻ ሆነ። በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። ስትቆጣ ግን በሁለቱም ትቆጣለች።

ጂምናሲየም፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን፣ ጨርሳ የተመራቂዎቹን ነጭ ኮፍያ ባደረገች በሳምንቱ፣ እራት እየበላን፣ ማሌዥያ ልትሄድ እንዳሰበች ነገረችኝ። ከማን ጋር ብዬ ጠየቅኋት።

“ብቻዬን” አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የዚህ አገር ወጣቶች ትምህርት ሲጨርሱ ቦርሳ አዝለው እስያን እንደሚዞሩ አውቃለሁ፤ የፎቁ ጎረቤቶቻችን ልጆች ሁሉ ዞረዋል። የእኛ ልጅ ግን ይህን ታደርጋለች ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። እኛ አውሮፕላን የምንሳፈረው ወይ ዘመድ ልንጠይቅ፣ ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለጉባኤ ነው። በዚያ ማዶ ቆሞ የሚቀበለን ሰው ከሌለ አንሄድም። “ማን ይቀበልሻል?” ብላት “ማንም!” አለችኝ፣ ደስ እያላት።

ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ሴት ልጅ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቋንቋውን በማታውቀው፣ ሰው በሌላት አገር ምን ልትሆን ነው? ያልኳትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ገጹ አይበቃም። አልሰማ ስትለኝ ጋሽ ደምሴን ጠራኋቸው። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ከከተማው በሌላኛው ጫፍ፣ ሄሰልቢ ነው የሚኖሩት። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ተራ ስሠራ ቤቴልን ያሳደጉልኝ እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። መክረው ያስቀሩልኛል ብዬ ተማምኜ ሻይ ላፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ወለሉ ላይ ካርታ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከእሷ ጋር መንገድ ሲመርጡ አገኘኋቸው።

እስከ ኅዳር ሱቅ ውስጥ ሠራችና ቲኬቷን ቆረጠች። የቀረኝ አንድ ነገር ማስማል ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከአምልኮ መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትደውላለች። አንድም እሑድ እንዳታጎድል። እሺ አለችኝ። ለዝናብ ይሆናታል ብዬ ጠንካራ ጫማ ገዛሁላትና አየር ማረፊያ ድረስ ሄጄ ሸኘኋት።

አራት እሑድ ቃሏን ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር፣ የምትነግረኝን እየሰማሁ ትንሽ ተረጋግቼም ነበር። ፔናንግ የሚባል ቦታ ያረፈችበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አሮጊት ቻይናዊት ናት፤ ብቻዋን መሆኗን ስታይ ከራሷ መኝታ ቤት አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠቻት። በወጣች በገባች ቁጥር “የት ነበርሽ?” ትላታለች አሉ። “ማማ፣ ከአንቺ ሸሽቼ ሌላ አንቺ ላይ ወደቅሁ” አለችኝ። አውቶቡስ ላይ የሕንድ ዘር ያላቸው እናቶች ከአጠገባቸው አስቀምጠው ከቋጠሩት ያጎርሷታል። የአገሩ ተወላጆች ማሌዎቹ ደግሞ አባትሽ የት ነው እያሉ ይጠይቋታል። አንዱ የሕንድ ታሚል ናት ይላል፣ ሌላው አረብ ናት ይላል፣ ይከራከሩባታል። ሁሉም በየቋንቋው የሚጠይቃት ግን አንድ ነገር ነው፤ ብቻሽን ነሽ?

ሁሉም መልካም አልነበረም። አንድ ቀን ሁለት ወንዶች ከገበያ ጀምሮ ሲከተሏት ጨርቅ መሸጫ ገብታ፣ ሻጮቹ ሴቶች መሀል ቁጭ ብላ እስኪሄዱ ጠብቃለች። ከዚያ ወዲያ ሐሰተኛ የቃል ኪዳን ቀለበት አደረገች። ይህን እየሳቀች ስትነግረኝ እኔ የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ጠምጥሜ ጣቴ ደም አጥቶ ነበር። “ሉግን፣ ማማ” አለችኝ፤ ተረጋጊ ማለቷ ነው። በአራተኛው እሑድ፣ በምሥራቅ በኩል ባሕሩ ዳር ወዳለ አንድ ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ እንደምትሄድ ነገረችኝና ስልኩ ተዘጋ።

በአምስተኛው እሑድ አልደወለችም።

ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት እያልኩ መሸ። ረስታ ነው አልኩ። ሰኞ ትደውላለች አልኩ። ማክሰኞም ረቡዕም የለም። በስድስተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ከስልኩ አጠገብ ወንበር አድርጌ ዋልኩ። አሁንም የለም።

ሰኞ ጠዋት ለስዊድን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች፤ የቤቴልን ስም ጻፈችልኝ፣ የልደት ቀኗን ጻፈችልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሰው ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ናት፣ ወጣቶች መደወል ይረሳሉ፣ ብዙ አይጨነቁ አለችኝ። መጨረሻ ላይ፣ እኔን ማጽናናቷ መስሏት፣ በዚያ በኩል ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ መንገድ ስለቆረጠ ስልክም ላይሠራ ይችላል ብላ ጨመረችልኝ። ጎርፍ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ከአምስተኛው እሑድ ጀምሮ የምበላው አይጥመኝም፣ የምተኛው እንቅልፍ አይደለም። ስልኩ ተበላሽቶ እንዳይሆን እያልኩ በየሰዓቱ እጀታውን አንስቼ ድምፅ መኖሩን አዳምጣለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች “ምን ተገኘ?” ብለው ሲደውሉ መስመሩን ልቀቁልኝ ብዬ እዘጋባቸዋለሁ። እነሱም ጨዋ ሰዎች ናቸውና መደወል አቆሙ። ሲያቆሙ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ለምን ዝም አሉ? የሰሙት ነገር ቢኖር ነው አልኩ።

እንደዚያ ማሰቤ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛ ሞትን በስልክ አንነግርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይሆናል፣ ባለቤቱ ለሥራ ከቤት ሳይወጣ በማለዳ ይደረስበታል። እኔ ራሴ እዚህ አገር ሁለት ጊዜ መርዶ ሊያረዱ ከሄዱት ጋር ነበርኩ። አንደኛዋ ሪንከቢ የምትኖር ወንድሟ የሞተባት ልጅ ነበረች። ደወሉን ስንደውል የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ከፈተችልን። አንዳችንም አፋችንን ሳንከፍት ገባት።

እንግዲህ በማግስቱ ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የቤቴ ደወል ጮኸ።

የዚያን ቀን ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ቤት ነኝ። ውጭው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ በታኅሣሥ እዚህ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መመልከቻ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ፊት ለፊት ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ እነሱ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ከጸሎት ኅብረታችን የማውቃት እህት አለች። ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። በስዊድን ብርድ ጥቁር ካፖርት የማይለብስ ማን አለ? የእኔም ጥቁር ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም።

ከሄሰልቢ ኖርስቦሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በዚህ ማለዳ ሦስት ሆነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ለምን እንደሆነ አወቅሁ። የበሩን ሰንሰለት አስገባሁ፣ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞርኩት።

በዚያች ሰዓት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካልከፈትኩላቸው አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ልጄ አልሞተችም። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ እውነት አልነበረኝም። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

“እህቴ፣ እኛ ነን፤ ክፈቺልን” አሉ ጋሽ ደምሴ።

“ጋሼ፣ ይሂዱልኝ። ሥራ ልወጣ ነው” አልኩ።

“አንዴ ክፈቺና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።”

ቁጭ ብለን! እኛም ለሪንከቢዋ ልጅ ያልናት ይህንኑ ነበር። አልከፍትም አልኩ። ደወሉን እንደገና ደወሉ። ከዚያ ሽማግሌው ትንሽ ተነፈሱና፣ “ስለ ቤቴል ነው የመጣነው” ብለው ጀመሩ።

ስሟን ስሰማ ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ነው የጮኽኩት፤ ስለዚህ የቀጠሉትን አልሰማሁም። እኔ ስጮኽ እትዬ አልማዝ ደንግጠው አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ እጄን ከጆሮዬ አንስቼ ሰማሁና፣ በቃ፣ ተረጋገጠልኝ። እኔ ባሰብኝ፣ እሳቸውም ባሰባቸው። የፊት ለፊቱ በር ሲከፈትና ጎረቤቴ በስዊድንኛ “ፖሊስ ልጥራ?” ስትል ይሰማኛል። ያቺ የጸሎት እህት በተሰባበረ ስዊድንኛ አያስፈልግም ትላለች። ይህ ሁሉ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በኋላ ስጠይቅ ሃያ ደቂቃ ነው አሉኝ። ለእኔ ግን የአንድ ሙሉ ቀን ያህል ነው የረዘመብኝ።

ከዚያ ከጀርባዬ አንድ ነገር ተንኳኳ። በሩ ላይ ያለችው የፖስታ ማስገቢያ ተከፈተች። ጋሽ ደምሴ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣ ከጫማቸው ቀልጦ በወረደው በረዶ በራሰ ወለል ላይ ተንበርክከው አፋቸውን ቀዳዳዋ ላይ አድርገዋል።

“ቤቴል ደውላልኛለች። ዛሬ ነው፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ጎርፍ መንገድ ዘግቶባት ነው። ደህና ናት” አሉ።

አላመንኳቸውም። አንባቢ ይፍረድልኝ፤ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው፣ ሆስፒታል ናት ይል የለም? “ይማሉልኝ” አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ደግሞ በሕይወታቸው ምለው የማያውቁ፣ አዎን ካሉ አዎን፣ አይደለም ካሉ አይደለም የሆኑ ሰው ናቸው። አልማሉልኝም። አለመማላቸው እንደገና ልቤን ሰነጠቀው። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ቀስ ብለው እንዲህ አሉ።

“የገዛሽላትን ጫማ ጎርፍ ወስዶባታል። ለማማ እንዳይነግሩብኝ ብላኝ ነበር። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ነገሩብሽ በያት።”

ይህን ሊያጽናና የመጣ ሰው አይፈጥረውም። ይህ የልጄ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሲሰጥም ለጫማ ቁጣ የምትፈራ እሷ ናት። ተነስቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሰንሰለቱ እንቢ አለኝ። በሩ ሲከፈት ጋሽ ደምሴ ገና እንደተንበረከኩ ነበሩ፤ እኔም ወርጄ አብሬያቸው ተንበረከክሁ። ከዚያ እንዳለቀስኩት በሕይወቴ አልቅሼ አላውቅም።

ነገሩ በኋላ ሲጣራ እንዲህ ነው። እኔ ማታ ለስንተኛ ጊዜ ስልኩን አንስቼ ድምፁን ካዳመጥኩ በኋላ እጀታውን አጣምሜ አስቀምጬዋለሁ። ልጄ መንገድ በተዘጋባት በአሥራ ሦስተኛ ቀኗ ስልክ ያለበት ቦታ ደርሳ፣ ጎርፍ ካፈናቀላቸው ሰዎች ጋር ወረፋ ይዛ ተራዋ ሲደርስ፣ የእኔ ተይዟል። በቃሏ የምታውቀው ሌላ ቁጥር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልተለወጠው የእነ ጋሽ ደምሴ ብቻ ነው። እነሱ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ገና አልነጋልንም። ጋሽ ደምሴ ደጋግመው ደወሉልኝ፤ ተይዟል። አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳትጨነቅ ብለው በመጀመሪያው ባቡር ተነሱ።

“ታዲያ ለምን ሦስት ሆናችሁ?” አልኳቸው፣ ሻይ ካቀረብኩላቸው በኋላ።

“በዚህ ማለዳ ብቻዬን ብታየኝ ትደነግጣለች ብዬ ነዋ” አሉኝ።

እትዬ አልማዝ ባላቸውን አንድ ጊዜ አዩና ሻያቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

የስልኩን እጀታ አስተካክለን ካስቀመጥነው በኋላ ቤቴል ሁለተኛ ወረፋ ይዛ ቤቴ ደወለች። አውቶቡሱ ውሃ ላይ ቆሞ ሁሉም ሲወርድ፣ አብራት የተሳፈረች ሩዝ ሻጭ ሴት እጇን ያዘቻት። ማክቺክ ነው የምትላት፤ በእነሱ አገር እትዬ እንደ ማለት ነው። በእንጨት ምሰሶ ላይ የተሠራ ቤቷ ወሰደቻትና ከሴት ልጆቿ ጋር አስተኛቻት። በጀልባ ሰው የሚያሻግሩ ወንዶች ሲመጡ ቤቴል ልሂድ ብትል ሴትየዋ በር ላይ ቆማ ከለከለቻት። ሴት ልጅ ከማላውቃቸው ወንዶች ጋር ብቻዋን አትሄድም አለች፤ ውሃው ሲጎድል እኔ ራሴ አደርስሻለሁ አለች። እንዳለችውም በጭነት መኪና ከተማ ድረስ ይዛት መጣች። አሁንም ከአጠገቧ ናት። ቤቴል ስልኩን ሰጠቻት። ሴትየዋ በቋንቋዋ ብዙ ነገረችኝ፤ እኔም በአማርኛ ብዙ ነገርኳት። ልጆችሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷ ያለችኝን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ለመሳቂያ ያህል ብቻ ነበር የምጽፈው።

ቅዳሜ ዕለት ናዝሬት ለእናቴ ደወልኩ። እንድትስቅልኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መመልከቻውን፣ ጥቁር ካፖርቶቹን፣ የጋሽ ደምሴን ጉልበት። ሳቀችም። “ምስኪን ሽማግሌ፣ አንበረከክሽው?” አለች። ከዚያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “እማዬ?” አልኩ።

“እኔ ግን ከፍቼላቸው ነበር” አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ በዚያ ክፉ ዘመን፣ በእግሬ ሱዳን ስገባ ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ አራት ወር ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ በአንድ በኩል ቤተሰቤ ላይ መዘዝ እንዳላመጣ ብዬ ነው፣ በሌላ በኩል፣ እውነቱን ልናገር፣ ነገ ነገ እያልኩ ነው። በአሥረኛው ወር መንገድ ላይ አልቃለች የሚል ወሬ ደረሳት። ሰፈሩ በማለዳ መጣ። በሩን ከፈተች። ድንኳን ተተክሎ ተለቀሰልኝ። ተስካሬም ወጣ። ደብዳቤዬ የደረሳት ከዚያ በኋላ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ብጠይቃት “በሕይወት አለሽ አይደል፣ ያለቀ ነገር ምን ይጠቅምሻል?” አለችኝ። ከዚያ ስለ ቤቴል ጤና ጠየቀችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያስታወስኩት ነገር አለ። ካርቱም እያለሁ እናቴ የመጀመሪያውን ፎቶግራፏን ልካልኝ ነበር። ድሮ እስከ ትከሻዋ የነበረው ፀጉሯ ገና ከተላጨ የበቀለ፣ አጭር ነበር። ዘመናዊ ሆነች ብዬ ስቄ፣ በደብዳቤ “አጭር ፀጉር አማረብሽ” ብዬ ጽፌላታለሁ።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ቤቴል ዛሬ ጎልማሳ ናት፣ አሁንም ብቻዋን ትጓዛለች፤ ያቺን ማክቺክም ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠይቃታለች። እኔም እየተቆጣሁ እሸኛታለሁ እንጂ ሴት ልጅ ብቻዋን የሚለውን ክርክር ትቼዋለሁ፤ ለመከራከር ፊት የለኝም። ልጄን ለዚያ ዝምታዋ በአንድ ቀን ይቅር አልኳት። እናቴም እኔን ያለ ምንም ቃል ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን “አማረብሽ” ማለቴን ለራሴ ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አቅቶኛል።